ፊደሉን በቃሏ ትወርደዋለች፣ ለይታ ግን አታውቀውም፤ ምን ላድርግ?

የሽምብጥ እናት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ አምስት ዓመት ተኩል ሆኗታል። እዚሁ ባሕር ዳር አንድ የግል ትምህርት ቤት ዩኬጂ ናት። ከ"ሀ" እስከ "ፐ" ሳትተነፍስ ትወርደዋለች። አያቷ ሰምተው "ይቺማ ተማረች!" ብለው መርቀዋታል። ግን ገበታው መሀል ላይ ጣቴን አሳርፌ "ይሄስ ማነው?" ስላት ጭጭ። አንዳንዴ ከላይ ከ"ሀ" ተነስታ በጣቷ እየወረደች እዚያ ድረስ ትመጣና "መ!" ትለኛለች።

የመጀመሪያው ሴሚስተር ካርዷ ላይ አማርኛ 96 ነው። መምህሯን ሳናግራት "ጎበዝ ናት፣ ሁሉንም ትላለች" አለችኝ። ማለቱንማ እኔም ሰምቻለሁ።

የጎረቤቴ ልጅ እኩያዋ ነው፣ የሚማረው ሌላ ትምህርት ቤት ነው። ባጃጅ ኋላ ላይ የተለጠፈውን ጥቅስ ቀስ እያለ ያነባል። እውነቱን ልናገር፣ ትንሽ ቀናሁ። ትምህርት ቤት ልቀይርላት? አስጠኚ ልቅጠር? ባለቤቴ "ተያት፣ ገና ልጅ ናት" ባይ ነው። የእናንተ ልጆች በምን መንገድ ነው ማንበብ የጀመሩት?

የሁለት ልጆች እናት፣ ፔዳ ሰፈር

ውዴ፣ ይሄ የአንቺ ልጅ ችግር ብቻ አይደለም። በተርታ ስለሚያስብሏቸው የተማረው ጆሯቸው ነው፣ ዓይናቸው ገና ነው። እኔ የሳሙና ካርቶን ቆራርጬ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ አንድ ፊደል በማርከር ጻፍኩ። ሁሉንም አንዴ አላወጣሁም፤ አምስት አምስት ብቻ። ምንጣፍ ላይ በትኜ "'በ'ን አምጣልኝ፣ 'ለ'ን ደብቅልኝ" እያልኩ አጫወትኩት። መጀመሪያ የራሱን ስም ፊደሎች፣ ቀጥሎ የእህቱን። ስሙን የትም ቢያየው መለየት ሲጀምር ሌላውን ራሱ እየጠየቀ መጣ።

አስጠኚ አትቅጠሪ። ብዙዎቹ መጥተው ያንኑ ተርታ ነው የሚያስደግሟት፣ ያውም በብር።

አባት ከአባይ ማዶ

የኔታዎች እኮ ይህን ነገር ድሮ ጨርሰውታል። የቄስ ትምህርት ቤት ሲባል ለሰው የሚታየው ጩኸትና አለንጋ ብቻ ነው። አለንጋው ይቅር፣ ስልቱን ግን ተመልከቱት። ልጁ መጀመሪያ ፊደሉን ወደ ጎን ይቆጥራል፦ ሀ ሁ ሂ። ቀጥሎ ከላይ ወደ ታች፦ ሀ ለ ሐ መ። ከዚያ የኔታ ከታች ወደ ላይ ያስመልሱታል። በቃሉ ብቻ የያዘ ልጅ የሚያዘው እዚህ ላይ ነው። ይህን ሲያልፍ አቡጊዳ ይመጣል፦ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። ልብ በሉ፣ በእያንዳንዱ እርምጃ ዋናው ፊደልም ይለወጣል፣ ቅጥያውም ከግዕዝ (እንደ ሀ) ወደ ካዕብ (እንደ ሁ)፣ ከካዕብ ወደ ሣልስ (እንደ ሂ) እያለ እስከ ሳብዕ (እንደ ሆ) ይሄዳል። የ"ሀ ሁ" ዜማ እዚህ አያዋጣም። መልእክተ ዮሐንስ ተይዞ ንባብ የሚጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ዳዊት ሩቅ ነው።

የእኔን ልጅ ክረምት ላይ ሰፈራችን ያለው ቤተ ክርስቲያን፣ የኔታ ዘንድ ላክሁት። ስንደዶ አስያዙት። የስንደዶዋ ጫፍ ፊደሏን ካልነካች ድምፅ ማውጣት የለም። ፈጥኖ "ሂ" ካለ፣ ስንደዶው ገና "ሁ" ላይ ከሆነ፣ እንደገና ከመነሻው። መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ሲመለስ መምህሩ ራሱ ገርሞታል።

የኬጂ መምህርት

መንግሥት ትምህርት ቤት "ኦ" ክፍል፣ ማለትም ከ1ኛ ክፍል በፊት ያለውን፣ አስተምራለሁ። ፊደሉን አቀላቅሎ ማሳየት የተባለው ትክክል ነው። ግን እሱ ብቻ አይበቃም።

33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ነው። ልጅ 231 ምስል ለየብቻ እንዲሸመድድ መጠበቅ ግፍ ነው። ቅርጹ ውስጥ ሕግ አለ፤ ሕጉን አሳዩአቸው። ካዕብ አብዛኛውን ጊዜ ቀኝ ወገቡ ላይ ትንሽ ጭረት ይጨምራል፦ ሉ፣ ቡ፣ ሱ። ሣልስ ያቺን ጭረት ወደ እግሩ ያወርዳታል፦ ሊ፣ ቢ፣ ሲ። ራብዕ ቀኝ እግሩ ይረዝማል፦ ላ፣ ባ፣ ሳ። ኃምስ እግሩ ላይ ቀለበት ያስራል፦ ሌ፣ ቤ፣ ሴ። አመለኞቹ ሳድስና ሳብዕ ናቸው፤ አንድ ወጥ መልክ የላቸውም፣ ጊዜ ይፈልጋሉ። "ሰ"ን የያዘ ልጅ ደግሞ "ሸ"ን ለማወቅ አናቱ ላይ ያለችውን መስመር ማየት ብቻ ነው የሚቀረው። ነ እና ኘ፣ ተ እና ቸ፣ ደ እና ጀ፣ ዘ እና ዠም እንዲሁ ናቸው።

ቃል ማስነበብ የምጀምረው ከራብዕ ነው። ጣና። ጫማ። ሻማ። ላባ። ማታ። ሁሉም ፊደል አፍ ከፍቶ ስለሚያልቅ ማያያዙ ይቀላቸዋል። "ጣ... ና" ይላል አንዱ፣ ደግሞ "ጣ፣ ና"፣ ከዚያ ድንገት "ጣና! እኛ ጋ ያለው!" ብሎ ይጮኻል። እኔ ማንበብ የምለው ይህቺን ሰዓት ነው። ቀጥሎ መጨረሻቸው ሳድስ የሆኑትን አመጣለሁ፦ ላም፣ ጣት፣ ቃል፣ ባጃጅ። "ላም" ላይ ብዙዎቹ "ላመ" ይላሉ፣ የግዕዙን ድምፅ ስለለመዱ። ታግሶ ማለፍ ነው። ከዚያ ቡና፣ ቤት፣ ዶሮ፣ ሎሚ እያልን እንቀላቅላለን።

ዓመቱ መሀል ላይ ትምህርት ቤት መቀየር አልመክርሽም። አዲሱም ፈተናው በተርታ ማስባል ሊሆን ይችላል።

አያት ነኝ

ልጆቼ፣ ደህና ተናግራችኋል። ግን የአምስት ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት መጥታ ደግሞ ስንት ሰዓት ልታስቀምጧት ነው? መንግሥት እንኳ 1ኛ ክፍል የሚያስገባው በ7 ዓመት ነው። የእኔ የልጅ ልጅ ማታ ሦስት ገጽ የቤት ሥራ ይዞ ይመጣል። እርሳሱን በቅጡ አይጨብጥም፣ እያለቀሰ ይጽፋል። ተረት የሚነግረው ግን የለም፤ ሁሉም ስልኩ ላይ ነው። ተረት አውሩላት፣ መሀል ላይ አቁሙና "ከዚያስ ጦጣዋ ምን አለች?" በሏት። እንቆቅልሽ ጠይቋት። ቃል ያልሞላበት ልጅ ፊደሉን ቢገጣጥምም የወጣውን አያውቀውም።

አባት ከአባይ ማዶ

እማማ፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ተረቱም ይነገር፣ ስንደዶውም ይያዝ። አሥር ደቂቃ ልጅ አይጎዳም። እንባ ሲመጣ መተው ነው።

የሽምብጥ እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። መምህርት፣ ሁለት ነገር ልጠይቅዎት። አንደኛ፣ ልጄ ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስቱንም "ሀ" ትላቸዋለች። ልክ ነሽ ልበላት? እዚሁ ከተማችን ውስጥ እንኳ አንዱ ሱቅ "ባሕር ዳር"፣ አጠገቡ ያለው "ባህር ዳር" ብሎ ነው የጻፈው። ሁለተኛ፣ ትምህርት ቤቷ ከአማርኛው ይልቅ እንግሊዝኛው ላይ ይበረታል። ግጥሙም፣ የቤት ሥራውም ኤቢሲዲ ነው። አይጋጭባትም?

የኬጂ መምህርት

ልክ ናት። በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ነው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚያው። የትኛው ቃል በየትኛው ይጻፍ የሚለው ከግዕዝ የመጣ ጉዳይ ነው፤ እንኳን ዩኬጂ ትልቁም ሰው ይከራከርበታል። ታፔላው ላይ ሁለቱንም ካየች "ሁለቱም ባሕር ዳር ነው የሚሉት" ብለሽ እለፊ።

ስለ እንግሊዝኛው ቁርጡን ልንገርሽ። "በ" እና "ሬ" ሲከታተሉ በሬ ይወጣል። "ሲ፣ ኤ፣ ቲ" ቢባል ግን "ካት" አይወጣም። የእነሱ ፊደል ስሙ ሌላ፣ ድምፁ ሌላ ነው። የእኛ ፊደል የሚጠራውም የሚነበበውም አብዛኛውን ጊዜ ያው ነው። ስለዚህ ማገጣጠምን በአማርኛ ብትለምድ ይቀላታል። በክልላችን አንደኛ ደረጃ የሚማሩትም በአማርኛ ነው። እንግሊዝኛውን አሁን መዝሙሩንና የዕቃ ስሙን ትያዝ፣ ይበቃታል። ትምህርት ቤቱን ግን "የፊደሉን ድምፅ ታስተምራላችሁ ወይስ ስሙን ብቻ?" ብለሽ ጠይቂ። ወላጅ የማይጠይቀው ጥያቄ ነው።

የመንታዎች አባት

አንድ ነገር ላክል። ከእኔ መንታዎች አንዷ ከሰሌዳ መገልበጥ አልቻለችም፣ ደብተሯ ላይ ተደፍታ ነበር የምትጽፈው። ሰነፍ ናት ተባለች። ዓይኗን አስመረመርናት፣ መነጽር ሆነ መድኃኒቱ። ልጅሽ ዓይኗን የምታጨነቁር ከሆነ እሱን አስቀድሚ።

የሽምብጥ እናት

ዓይኗ ደህና ነው፤ ሩቅ ያለ ታንኳ ከእኔ ቀድማ ነው የምታየው። ይልቅ ውጤቱን ልንገራችሁ። ገበታውን አውርጄ ካርቶን ቆርጬ ጀመርን። ሁለት ሳምንት ሆነን። ፊደሎቹን ተበታትነውም አሁን ብዙዎቹን ትለያለች፣ "ገ" እና "ጸ" እየተምታቱባት ነው እንጂ። "ጣና"ን አነበበች። "ጫማ"ንም። ግን አዲስ ጣጣ መጣ፦ "ጣት" ስጽፍላት "ጣና!" ትላለች። "ጣራ"ም "ጣና" ነው። የመጀመሪያዋን ፊደል ታይና ሩጫ ነው። ባለቤቴ እየሳቀ "አሁን ደግሞ መገመት ተማረች" ይላል። ይሄስ እንዴት ነው የሚስተካከለው?

የኬጂ መምህርት

ጥሩ ደረጃ ላይ ናት። ጣና፣ ጣት፣ ጣራ፣ ሦስቱን አንድ ወረቀት ላይ ወደ ታች በትልቁ ጻፊ። የሁሉንም ሁለተኛ ፊደል በእጅሽ ሸፍነሽ "ጣ" አስብያት። ከዚያ አንድ በአንድ ግለጪላት። ሁለተኛውን ሳታይ የመመለስ ዕድል አትስጫት፣ ግን "ተሳሳትሽ" አትበያት፤ "ጫፉን እዪው" በቃ። ስንደዶ ካገኛችሁ ያባይ ማዶው አባት እንዳለው ነው፣ ባይገኝ የክብሪት እንጨት ይሆናል። "ገ" እና "ጸ"ን ለጊዜው ለይተሽ አስቀምጪ። አንዱ ሲጸና ሌላውን ታመጫለሽ፣ ሁለቱን በአንድ ቀን አይሆንም።