ቲ2 ምስሌ ከቲ1ው ጋር አልገጥም አለ

ሰላም ወገኖች፣ ከጅማ ነው። የአንድ ታካሚ ሁለት የአንጎል ኤምአርአይ ምስሎችን (ቲ1 እና ቲ2 ይባላሉ፤ ያው አንጎል በተለያየ የማንሻ ስልት ነው የተነሳው) አንዱን በሌላው ላይ ለማገጣጠም መላው ጠፍቶብኛል። የቲ1ው እያንዳንዱ ነጥብ በሁሉም አቅጣጫ 1 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቲ2ው ግን እያንዳንዱ ቁራጭ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፣ ምስሉም አናቱ ላይ ተቆርጧል። ምስል በሚያገጣጥመው የኤፍኤስኤል ፍለርት ፕሮግራም፣ በ6 ዲግሪ ነጻነት (ማዞርና ማንሸራተት ብቻ)፣ የመመሳሰል መለኪያውን ሚውቹዋል ኢንፎርሜሽን አድርጌ ሳስኬደው ቬንትሪክሎቹ (አንጎል ውስጥ ያሉት ፈሳሽ የያዙ ክፍተቶች) ልክ ይቀመጣሉ፤ ሴሬቤለም (ከኋላ በታች ያለው የአንጎል ክፍል) ጋ ሲደርስ ግን ወደ ኋላ ያዘነብላል። በ12 ዲግሪ ነጻነት (መለጠጥና ማጋደልም ሲፈቀድ) ሳደርገው ጭራሽ አንጎሉን ወደ ላይ ይለጥጠዋል፤ የአንድ ሰው ጭንቅላት መቼም አይለጠጥም!

ቲ2ውን አስቀድሞ ወደ 1 ሚሊ ሜትር መቀየር አዲስ መረጃ እንደማይጨምር ገብቶኛል። የቸገረኝ፣ የተቆረጠውን ክፍል በክብደት ማስክ (የትኛው ቦታ በስሌቱ እንደሚቆጠር በሚነግር ምስል) ላስወጣው ወይስ የፍለጋውን ማዕዘን (ፕሮግራሙ የሚሞክረውን የማዞር መጠን) ላጥብበው? የታካሚውን የአንጎል ቁስል የሚያሳየውን ማስክ በኒረስት ኔበር (የቅርቡን ነጥብ ዋጋ እንዳለ በሚወስደው ስልት) ስለማሻግረው እሱ አያሳስብም። የሚያውቅ ካለ ትዕዛዙን ጭምር ይጻፍልኝ፤ እዚህ ዝናቡ ሲጀምር መብራቱም አብሮ ነው የሚሄደው።