የጀልባ ሞተር በረዶው ሳይመጣ፦ አባቴ «በየሳምንቱ አስነሳው» ይላል፣ ምን ይሻላል?

የሴንት ፖሉ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ነው። ባለፈው ሜይ አንድ አሮጌ ጀልባ ገዛሁ። 16 ጫማ ነው፣ አሉሚኒየም፣ ከኋላው ባለ 40 ፈረስ ጉልበት ሞተር የተንጠለጠለበት። ሞተሩ የ2003 ስሪት ነው። ፎር ስትሮክ፣ ሦስት ሲሊንደር፣ በካርቡራቶር የሚሠራ።

የገዛሁት ለአባቴ ብዬ ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ጣና ላይ ጀልባ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። እዚህ ከመጣ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሁለቱን ዓመት ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ በመስኮት ሲያይ ነው ያሳለፈው። ዘንድሮ ግን በጋውን ሙሉ፣ በየእሁዱ ከቅዳሴ መልስ ሐይቅ ላይ ነበርን። መሪውን ሲይዝ ፊቱ ይበራል። እኔ ከፊት ቁጭ ብዬ አሳ ከማጥመድ እሱን ዞር ብዬ ማየት ይበልጥብኛል።

አሁን ኦክቶበር ገባ። ጠዋት ጠዋት ሳሩ ላይ ውርጭ አያለሁ። ጀልባው ጓሮ፣ ተጎታቹ ላይ ነው ያለው። ጋራዥ አለኝ፣ ግን ማሞቂያ የለውም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ለዊንተር ካላዘጋጀኸው ስፕሪንግ ላይ ተሰንጥቆ ታገኘዋለህ» አለኝ። አባቴ ደግሞ «ሞተር የሚበላሸው ሲቀመጥ ነው፤ በየሳምንቱ አስነሳና አምስት አምስት ደቂቃ አሠራው» ይላል። በሞተር ነገር ተሳስቶ አይቼው አላውቅም። ማንን ልስማ? ራሴ የምችለው ነገር ከሆነስ ከየት ልጀምር?

የጋራዥ ሰው (ሚኒያፖሊስ)

ወንድሜ፣ አባትህን እንዲህ በማሰብህ ተባረክ። እኔ አዲስ አበባ መኪና ስጠግን ቆይቼ እዚህ ከመጣሁ በኋላ ወደ ጀልባ ሞተር የገባሁ ነኝ። በየዓመቱ ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ሥራዬ ይኸው ነው።

አባትህ ያሉት ለጣና ልክ ነው። እዚያ ውሃ በረዶ አይሆንም፣ ጀልባውም ከውሃ አይወጣም። እዚህ ግን ሁለት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ ይህ ሞተር ራዲያተር የለውም። የሚቀዘቅዘው ከሐይቁ በሚስበው ውሃ ነው። ደረቅ መሬት ላይ ካስነሳኸው ውሃ የምትስበዋ የጎማ ኢምፔለር በጥቂት ሰከንድ ውስጥ መቃጠል ትጀምራለች። ሁለተኛ፣ በዚህ ብርድ አምስት ደቂቃ ማሠራት ሞተሩን አያሞቀውም። ዘይቱ ውስጥ ላብ ትቶ ነው የሚጠፋው። ስለዚህ አንድ ጊዜ በደንብ አስተኛው፣ ከዚያ እስከ ኤፕሪል አትንካው።

ከቤንዚኑ ጀምር። እዚህ የምንቀዳው ተራ ቤንዚን 10 በመቶ ኢታኖል አለበት። ኢታኖል ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፣ ሲቆይም ውሃው ተለይቶ ሰልባትዮው ስር ይተኛል። ሚኒሶታ ውስጥ ብዙ ማደያ ለጀልባና ለትንንሽ ሞተር ተብሎ ኢታኖል የሌለበት ባለ 91 ኦክቴን ቤንዚን ይሸጣል። እሱን ሙላ። ፊውል ስታቢላይዘር፣ ማለትም ቤንዚኑ ሲቀመጥ እንዳይበላሽ የሚያደርገውን መድኃኒት፣ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ጨምርበት። ከዚያ የውሃ ጎማውን ከቧንቧ አምጥተህ፣ እንደ ጆሮ ማዳመጫ ያለችውን ሁለት ጎን ላስቲክ የሞተሩ ውሃ መሳቢያ ላይ ግጠማት። መጀመሪያ ውሃውን ክፈት፣ ቀጥሎ ሞተሩን አስነሳ። ማርሽ አታስገባ። ከሞተሩ ጎን እንደ ክር ቀጭን ሆና የምትፈስ ውሃ አለች፤ እሷን ካላየህ ወዲያው አጥፋ። አሥር ደቂቃ ካሠራኸው መድኃኒት ያለበት ቤንዚን ሦስቱም ካርቡራቶር ይደርሳል። መጨረሻ ላይ የካርቡራቶሮቹን ማፍሰሻ ቡሎን ፈትተህ የቀረውን አውጣው። ስፕሪንግ ላይ «አልነሳ አለኝ» ብሎ የሚመጣ ደንበኛ፣ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ በካርቡራቶሩ ትንሽ ቀዳዳ ውስጥ የደረቀ ቤንዚን ነው።

ሞተሩ ገና ሞቅ እንዳለ ዘይቱንና ፊልትሮውን ቀይር። ስፕሪንግ ላይ እቀይረዋለሁ አትበል። ያገለገለ ዘይት ውስጥ አሲድና እርጥበት አለ፣ ስድስት ወር ብረቱ ላይ ማስተኛት ለሞተሩ አይበጅም። ከዚያ የደህንነቱን ገመድ ንቀል፣ ሦስቱን ካንዴላ ፍታ፣ በየቀዳዳው ፎጊንግ ኦይል (ሲሊንደሩን ከዝገት የሚጠብቅ የሚረጭ ዘይት) ርጭበት። ቮላኖውን (ከሞተሩ አናት ላይ ያለውን የሚሽከረከር ክብ ብረት) በእጅህ ወደ ሰዓት አዟዟር ሁለት ሦስት ዙር አዙረው፣ ዘይቱ ግድግዳውን እንዲያለብሰው። ካንዴላውን መልሰህ እሰር።

አሁን ዋናው። እባክህ እዚህ ላይ አትቸኩል። ከታች፣ ፕሮፔለሩ ያለበት ቤት ውስጥ የካምቢዮ ዘይት አለ። ሁለት ቡሎን አለው፣ አንዱ ከታች፣ አንዱ ከላይ። ሁለቱንም ፍታና ዘይቱን በነጭ ጎድጓዳ ሳህን ተቀበለው። በነጭ ያልኩህ ቀለሙን እንድታይ ነው። ጥቁር ወይም ማር የመሰለ ከሆነ ደህና ነህ። ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቷል ማለት ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን ወደ 9 በመቶ ያብጣል። ያ ቤት አሉሚኒየም ነው፣ አይለጠጥም፤ ይሰነጠቃል። የሥራ ባልደረባህ የነገረህ ስንጥቅ ከዚህ ነው የሚመጣው። አዲሱን ዘይት ስትሞላ በላይኛው አታፍስሰው። በታችኛው ቀዳዳ በፓምፕ እየገፋህ በላይኛው እስኪወጣ ሙላው፣ አየር እንዳይቀርበት። የቡሎኖቹን ማሸጊያ ቀለበት በአዲስ ቀይር።

ሞተሩን ደግሞ ቀጥ ብሎ እንደቆመ አስቀምጠው። ወደ ላይ አጋድመኸው ከተውከው ፕሮፔለሩ መሃል በረዶ ቀልጦ ይገባና እዚያው ይጠነክራል። ቀጥ ካለ የቀረው ውሃ ራሱ ይወርዳል። አይተህ ቀለሙን ንገረኝ።

ስቶክሆልሟ

የጋራዥ ሰው በደንብ አስረድተውታል። እኔ የምጨምረው ሞተሩ ጀልባው ሆድ ውስጥ ለሆነበት ሰው ነው፤ የእኛ እንደዚያ ነው። እንዲህ ያለው ሞተር ቀጥ ብሎ ስለቆመ ውሃው አይወርድም። ብሎኩ (የሞተሩ ዋና የብረት አካል) ላይ ያሉትን ማፍሰሻ ቡሎኖች መፍታት ግድ ነው። እኛ በመጀመሪያው ዓመት ለጋራዥ ከፍለን አስደረግን። ቡሎኑን ፈትተዋል፣ ውሃ ግን አልወጣም፣ ቀዳዳውን ዝገት ደፍኖት ነበር። «ባዶ ነው» ብለው መልሰው አሰሩት። ኤፕሪል ላይ ብሎኩ በጎኑ እንደ ፀጉር ቀጭን መስመር አውጥቶ ጠበቀን። ዛሬ እኔ ራሴ ሽቦ አስገብቼ እየጎረጎርኩ ውሃው ፈሶ ሲያልቅ ካላየሁ አላምንም። ከዚያ ሮዙን የጀልባ አንቲፍሪዝ እንሞላለን። የመኪናው አረንጓዴ መርዝ ነው፣ ሐይቅ ውስጥ የሚገባ ነገር ላይ አይደረግም።

ባትሪውን አደራ። አውጥተህ ቻርጅ አድርገው። ሙሉ ባትሪ ከዜሮ በታች በ50 ዲግሪ ሴልሺየስ እንኳ በረዶ አይሆንም፤ ባዶው ግን ከዜሮ በታች በ7 ወይም በ8 በረዶ ይሆናል።

የባሕር ዳር ልጅ

አባትህን ሰላም በልልኝ፣ ምናልባት ወደቡ ላይ ተያይተን ይሆናል። እኛ ጋ በረዶ የለም። የሚያስቸግረን እምቦጭና የተጣለ የመረብ ክር ነው። ዘይቱን ካየህ በኋላ ፕሮፔለሩንም አውጣው። ከኋላው ክር ይጠመጠማል፣ ከውጭ አይታይም። ሲሞቅ ቀልጦ ዘይቱ እንዳይወጣ ዘንጉ ላይ የሚያሽገውን ጎማ ይበላዋል። ውሃው የሚገባው በዚያ ነው። አባትህን ጠይቃቸው፣ ያውቁታል።

የሴንት ፖሉ

ቅዳሜ ከጠዋት እስከ ማታ ሞተሩ ላይ ነበርን። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም።

የጋራዥ ሰው፣ ማኪያቶ ነው። የእናቴን ነጭ የወጥ ጎድጓዳ ሳህን ነበር የወሰድኩት። መጀመሪያ አንድ ማንኪያ የሚሆን ንጹህ ውሃ ወጣ፣ ቀጥሎ ያ ወተት የመሰለ ዘይት ቀስ እያለ ወረደ። አባቴ ሌባ ጣቱን ነክሮ ከአውራ ጣቱ ጋር አሸው። ሽቶ አየው። ምንም አላለኝም፣ ሄዶ ፒንሳ ይዞ መጣ። የባሕር ዳሩን ወንድሜን መልእክት ገና አላነበብኩለትም ነበር። ፒኑን ነቀለ፣ ዋናውን ቡሎን ፈታ፣ ፕሮፔለሩን ሳብ አደረገው። ዘንጉ ላይ አረንጓዴ የአሳ ማጥመጃ ክር ተጠምጥሞ፣ ቀልጦ፣ እንደ ቀለበት ጠንክሮ ነበር። በምላጭ ቆርጦ ሲያወጣው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ሆነ። «ይኸው» አለኝ። የኔ ክር ነው። ጁላይ ላይ የተበጠሰብኝ ነው፣ ቀለሙን አውቀዋለሁ።

አሁን አዲስ ዘይት ብሞላውና ጎማውን ስፕሪንግ ላይ ባስቀይረው ይሆናል?

የጋራዥ ሰው

ለማስቀመጥ ብቻ ከሆነ፣ አሮጌውን ሙሉ በሙሉ አንጠፍጥፈህ አዲስ ብትሞላ ዊንተሩን ያልፋል። እኔ ግን አሁን ቀይረው ነው የምልህ። ስፕሪንግ ሲመጣ ለመውጣት ትቸኩላለህ፣ አባትህም ይቸኩላሉ፣ ይረሳል። የዘንጉ ጎማዎች ብዙውን ጊዜ ሁለት ናቸው፣ ጀርባና ጀርባ የሚገቡ። ሁለቱንም ቀይር። ዋጋቸው ትንሽ ነው፣ የሚከብደው ማውጣቱ ነው። ዘንጉን እንዳትጭረው። ጨርሰህ ዘይት ከመሙላትህ በፊት በትንሽ ግፊት አየር ሰጥተህ መያዙን አረጋግጥ። መሣሪያው ከሌለህ ታችኛውን ክፍል ብቻ ፈትተህ አምጣልኝ። ስትመጣ ኢምፔለሩንም አብረን እናየዋለን፣ እዚያው ነው ያለው። መቼ እንደተቀየረ ካላወቅክ ቀይረው።

የሴንት ፖሉ

ተጠናቋል። ጎማዎቹ ተቀየሩ፣ ኢምፔለሩም። አሮጌው ኢምፔለር ከስድስቱ ክንፎች ሁለቱ ተሰንጥቀው ነበር። አባቴ አዲሱን ከመግጠሙ በፊት ጠርዙን ራሱ ሳሙና ቀባው። ዘንጉን ግራሶ አልብሰን ፕሮፔለሩን መለስን። ባትሪው ምድር ቤት ገባ። ሞተሩ ጋራዥ ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሟል። አይጥ እንዳይገባ መክደኛው ስር ያለውን ክፍተት በብረት ሱፍ ዘጋነው። ስፕሪንግ ላይ ሱፉን ማውጣት እንዳልረሳ ስልኬ ላይ ጽፌያለሁ።

«በየሳምንቱ ማስነሳት» የሚለው ነገር ላይ አባቴን አልተከራከርኩትም። የጋራዥ ሰው የጻፉትን ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ስለ ኢምፔለሩ ሲደርስ ራሱን ነቀነቀ፣ አሮጌውን አንስቶ የተሰነጠቀውን ክንፍ በጥፍሩ ዳሰሰው። ማታ ላይ ጋራዥ ስገባ የሞተሩ ቁልፍ ላይ የካርቶን ቁራጭ በዚያው አረንጓዴ ክር ታስሮ አገኘሁ። በትልልቅ ፊደል «ያለ ውሃ አይነሳም» ብሎ ጽፎበታል።