የኮሮላ የኋላ ማርሚታ፦ ወፍራም ድምፅ እፈልጋለሁ፣ ጩኸት ግን አይሁን። ጫፉስ ምን ዓይነት ይሁን?

ሳሪስ_ኮሮላ፦

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው ኮሮላ ነው፣ እ.ኤ.አ. የ2005 ሞዴል፣ 1.6፣ ማንዋል። የኋላ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ከሥሩ በዝገት ተበልቷል፤ የመሃሉ ደህና ነው። ሁለት ሐሳብ ቀርቦልኛል። አንደኛው ማርሚታውን ቆርጦ ጥሎ በቦታው ቀጥ ያለ ቱቦ መበየድ። ሁለተኛው ባለ 2.5 ኢንች «ስፖርት» ማርሚታ ከባለ 4 ኢንች ክሮም ጫፍ ጋር መግጠም። በዚያውም ካታሊስቱን (ጭስ ማውጫው ላይ ያለውን መርዛማ ጭስ አጣሪ) «ባዶ እናድርገው፣ ሞተሩ ይተነፍሳል» ተብያለሁ።

የምፈልገው ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ ቆሞ ሲሠራ) ጸጥ ያለ፣ ሲረገጥ ወፈር የሚል፣ አዳማ መንገድ ላይ ደግሞ ጆሮ የማያደነዝዝ ድምፅ ነው። ጫፉ ድምፅ ይቀይራል ወይ? ክብ ይሻላል ኦቫል? ጥንድ ጫፍ ኮሮላ ላይ ያስቃል?

አራት_ምት፦

ጫፉ ድምፅ አይሠራም። አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር የማትሞላ ብረት ብትበዛ ቀጭኑን ድምፅ ትንሽ ትነካካለች፤ ስስ ላሜራ ከሆነች ደግሞ ራሷ ትንቀጠቀጥና የቆርቆሮ ጩኸት ትጨምራለች። ድምፁ የሚነሳው ከሞተሩ ነው፣ የሚገራው ማርሚታው ውስጥ ነው።

ያንተ ሞተር በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ያቀጣጥላል። በደቂቃ 3000 ዙር ላይ በሰከንድ 100 ምት፣ ማለትም 100 ኸርዝ ይሆናል። ማንዋል ኮሮላ በ5ኛ ማርሽ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የሚውለው እዚያው አካባቢ ነው። ቀጥ ያለ ቱቦ ስታስበይድ ሳይገራ የሚቀረው ይሄ ወፍራም ድምፅ ነው፤ መስኮት ተዘግቶ ውስጡ ሲያስተጋባ ደግሞ ይብሳል። ሳሪስ ዞር ዞር ብለህ «አሪፍ ነው» ያልከው ማርሚታ ሞጆ ሳትደርስ ራስ ምታት የሚሆነው ለዚህ ነው።

ማርሚታ በሁለት መንገድ ነው ድምፅ የሚቀንሰው። የፋብሪካው በውስጡ ክፍልፋዮች አሉት፤ ድምፁ ከክፍል ክፍል እየተመላለሰ ራሱን በራሱ ይሰርዛል። ወፍራሙን ድምፅ የሚያስታግሰው ይሄ ዓይነቱ ነው። «ስፖርት» የሚባለው ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ የተበሳሳ ቱቦ ነው፣ ዙሪያው የመስታወት ጥጥ የተጠቀጠቀበት። ጥጡ ቀጭኑን ድምፅ ይውጣል፤ 100 ኸርዙን ያሳልፈዋል። ርካሹ ላይ ጥጡ ልል ስለሆነ በሙቀትና በግፊት እየበነነ በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ የያዝከው ባዶ ቆርቆሮ ነው። የምትገዛ ከሆነ በተበሳሳው ቱቦና በጥጡ መካከል የብረት ሱፍ የተጠቀለለበትን ፈልግ። በባትሪ መብራት በአንዱ አፍ ብታይ በቀዳዳዎቹ በኩል ይታያል።

የመሃሉን ማርሚታ አትንካ። እሱ ሲወጣ ከ3500 ዙር በላይ የሚመጣው ድምፅ ወፍራም አይደለም፣ የተሰነጠቀ ነው።

የ2.5 ኢንቹ ነገር፦ 63 ሚሊ ማለት ነው። አሁን ካለህ 45 ሚሊ ቱቦ ጋር ሲተያይ የአፉ ስፋት ወደ እጥፍ ይጠጋል፣ ጭሱ የሚሄድበት ፍጥነት በግማሽ ይወርዳል። በዝቅተኛ ዙር ጭሱን እየሳበ የሚያስወጣው ፍጥነቱ ነው፤ «ሞተር የኋላ ግፊት (ጭሱ ሲወጣ የሚገጥመው እገዳ) ይፈልጋል» የሚባለው ተረት የመጣው ከዚህ ነው። ሞተር የኋላ ግፊት አይፈልግም፣ ፍጥነት ግን ይፈልጋል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ አየሩ ከባሕር ጠለል በአምስት እጅ አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው፤ የሚገባው አየር ሲያንስ የሚወጣውም ጭስ ያንሳል። ለ1.6 ከ50 ሚሊ በላይ ቱቦ ለዓይን ካልሆነ ለምንም አይጠቅምም።

ዲኤክስ_ነፍሴ፦

እኔ ግን አንዱንም አላደርገውም። የኦሪጅናሉን ዓይነት ማርሚታ ሶማሌ ተራ ፈልግ፣ ግጠም፣ ጨርስ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የቤንዚን መኪና ወደ አገር መግባት በቆመበት ጊዜ ደህና ኮሮላ መቆራረጥ ምን ይባላል?

የአራት ሲሊንደር ቀጥታ ሞተር ምቱ እኩል በእኩል ነው፤ የሱባሩ ዓይነት ጉርምርምታ ምንም ማርሚታ ብትገጥም አይመጣም። የድሮ ሱባሩ ጉርምርምታ ሞተሩ ጋደም ስላለ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ከሲሊንደር እስከ መገናኛው ያሉት ቱቦዎች ርዝመታቸው እኩል ስላልሆነ ነው። እኩል ርዝመት ያለው ሲገጠምለት ጉርምርምታው ይጠፋል። የኮሮላ ማርሚታ በስቶ ሱባሩ መጠበቅ ጊዜ ማጥፋት ነው።

ሲረገጥ ብቻ የሚሰማ ወፈር ያለ ድምፅ ከፈለግክ መፍትሔው ከፊት ነው። ከአየር ፊልተሩ *በፊት* ያለውን ፕላስቲክ የድምፅ ማፈኛ ሣጥን አውጥተህ የተረፈውን ቀዳዳ በደንብ ድፈነው። ፊልተሩ በቦታው ስለሚቆይ አቧራ አይገባም፤ በሰላም ስትሄድ ዝም ነው፣ ስትረግጠው የአየር መሳቡ ይሰማል። ካልጣመህ ሣጥኑን መልሰህ ትገጥመዋለህ። የአየር መሳቢያውን አፍ ግን ዝቅ አታድርገው፣ ክረምት ላይ ጎርፍ ያጠጣሃል።

አራት_ምት፦

የአየር መሳቢያው ሐሳብ ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። ግን ማርሚታው በስብሷል፣ የሆነ ነገር መግጠሙ አይቀርም። ስፖርቱን ከመረጠ የሚያደነዝዘውን ድምፅ ለይቶ መግደያ ዘዴ አለ፤ እኛ ዘንድ ብዙም አይሠራበትም እንጂ ውድ አይደለም።

ጫፉ የተደፈነ ቱቦ ከዋናው ቱቦ ጎን ትበይዳለህ። የድምፁ ሞገድ ገብቶ የተደፈነው ጫፍ ጋ ተጋጭቶ ሲመለስ ከመጪው ጋር ተቃራኒ ሆኖ ይደርስና ይጣፋሉ። ርዝመቱ ከሚገደለው ድምፅ ሞገድ ሩብ መሆን አለበት። አሠራሩ፦ መጀመሪያ መንገድ ላይ ድምፁ የሚበረታበትን ዙር አንብብ። ለአራት ሲሊንደር ዙሩን ለ30 ስታካፍል ኸርዙን ታገኛለህ፤ 3000 ሲካፈል ለ30፣ 100። ከኋላ አካባቢ ያለው ጭስ ሙቀቱ 200 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ድምፅ በውስጡ በሰከንድ ወደ 440 ሜትር ይጓዛል። 440 ሲካፈል ለ400፣ 1.10 ሜትር። ውፍረቱ ከዋናው ቱቦ ጋር እኩል ይሁን፣ ከመሃሉ ማርሚታ በኋላ ይበየድ፣ ቦታ ከሌለ ተጣጥፎ ከዋናው ጎን ሊሄድ ይችላል።

ሙቀቱን በትክክል ስለማትለካው 10 ሳንቲ አስረዝመህ ጀምር። ክዳኑን በነጥብ ብየዳ ብቻ ያዝ፣ ክፍተቱን በሙቀት ቻይ ማስቲካ ድፈን፣ መንገድ ላይ ሞክር። የሚያደነዝዘው ከተፈለገው ዙር በታች ላይ ከተቀነሰ ቱቦው ረዝሟል፤ ሁለት ሁለት ሳንቲ እየቀነስክ መልሰህ ሞክር። ሲስተካከል ክዳኑን ዙሪያውን በይደው። ትንሽ ካፈሰሰ አይሠራም።

ባለ17_መፍቻ፦

ብየዳውን በሚመለከት፣ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ነውና።

ከማንኛውም ብየዳ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ፤ የብየዳውን መሬት ደግሞ እዚያው ቱቦው ላይ እሰሩ፣ ሞተር ላይ ወይም ቦዲ ላይ አይሁን። የዲናሞ ዳዮድና ኮምፒውተር የሚቃጠለው በዚህ ነው። የማርሚታ ላሜራ ከ1.2 እስከ 1.5 ሚሊ ነው፤ በተራ ኤሌክትሮድ ሲበየድ ይበሳል፣ ከዚያ ቀዳዳውን ለመድፈን ቅራሪ ይከመርበታል። በአርጎን ጋዝ የሚበይድ ቤት ፈልጉ። ስቴንለስ ከተራ ብረት ጋር ሲበየድ በስቴንለስ ዘንግ ይሁን፤ የሚዝገው ሁልጊዜ ብየዳው ጠርዝ ያለው ተራ ብረት ነው።

መጀመሪያ ሁሉም ነገር በጎማ ማንጠልጠያው ላይ ተንጠልጥሎ፣ መኪናው በአራት ጎማው ቆሞ ነጥብ ነጥብ ይያዝ። ክሪክ ላይ ሆኖ የኋላ እግሩ ተንጠልጥሎ የተለካ ማርሚታ መኪናው ሲወርድ አክስሉን ይመታል። ሞተሩ ሲረገጥ ስለሚወዛወዝ ከማንኛውም ነገር 2 ሳንቲ ክፍተት ይኑረው፣ ከነዳጅ ታንከርና ከፍሬን ቱቦ ደግሞ ከዚያ በላይ። ጎማዎቹ ከተሰነጠቁ በዚያው ይቀየሩ፤ ሽቦ አስሮ መሄድ ንዝረቱን በሙሉ ወደ ቦዲ ያስገባል።

በመገናኛው ላይ ያለውን ክብ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ደግማችሁ አትጠቀሙ። ሞላ ያላቸው ብሎኖች የተሠሩት መገጣጠሚያው ትንሽ እንዲላወስ ነው፤ ሞላውን አውልቆ በተራ ብሎንና ዳዶ ማጥበቅ ቱቦውን ሌላ ቦታ ላይ ያሰነጥቀዋል።

ክሮም_ይቅር፦

ወደ ውበቱ ልምጣ፣ ማንም አልነካውም።

ባለ 4 ኢንች ጫፍ በ45 ሚሊ ቱቦ ላይ ከኋላ ጎንበስ ብሎ ላየው ሰው ዝሆን አፍ ውስጥ የገባ ማንኪያ ነው የሚመስለው። ጥሩ ጫፍ ከቱቦው አንድ ተኩል እጥፍ ቢሆን ይበቃዋል፤ ለኮሮላ ከ65 እስከ 76 ሚሊ። ጠርዙ ወደ ውስጥ የተጠቀለለ ወይም ድርብ ግድግዳ ያለው ይሁን፤ ስሱ ላሜራ በተራ መቀስ የተቆረጠ ይመስላል። ክብና በትንሹ ሰያፍ የተቆረጠ ለዚህ መኪና ይስማማዋል። ኦቫል የሚያምረው ፓራውልቱ ራሱ ለኦቫል የተቆረጠ ቦታ ሲኖረው ነው፤ ያንተ የለውም። ጥንድ ጫፍ ከአንድ ቱቦ የተሰነጠቀ ከሆነ አዎ፣ ያስቃል። አንደኛው ጠቁሮ ሌላኛው ንጹሕ ሆኖ ይቀራል፤ ጭሱ የሚቀናውን መንገድ ይመርጣል።

ከፓራውልቱ ዙሪያውን ቢያንስ 25 ሚሊ ክፍተት፣ ወደ ውጭ ከ10 እስከ 20 ሚሊ መውጣት አለበት። ወደ ውስጥ ከገባ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ጥቀርሻውም ቀለሙን ይበላል። እንደ ቪትዝ ያሉ ጀርባቸው ቁርጥ ያሉ መኪናዎች ላይ ይሄ የጤና ጉዳይም ነው፤ ሲሄዱ ከኋላቸው አየሩ ስለሚሽከረከር ጭሱን ወደ በሩ ይስበዋል፣ የኋላ በሩ ጎማ ካረጀ ውስጥ ይገባል። በሦስት ብሎን የሚጠብቀውን ዓይነት አትግዛ፤ ይላላል፣ ይንጫጫል፣ አንድ ቀን ቀለበት መንገድ ላይ ይቀራል። ይበየድ ወይም ዙሪያውን የሚያጠብቅ ሙሉ ፋሼታ (ማሰሪያ ቀለበት) ይኑረው።

ሽቱትጋርት_ነዋሪ፦

ለክሮም_ይቅር፦ እዚህ ጀርመን አዳዲሶቹን መኪናዎች ብታይ ታለቅስ ነበር። ፓራውልቱ ላይ ሁለት ትልልቅ የክሮም አፍ አለ፣ ጎንበስ ብለህ ስታይ ድፍን ነው። እውነተኛው ቱቦ ከኋላው ወደ መሬት ተቆልምሞ ተደብቋል። ለፋብሪካው ይቀለዋል፤ የክሮሙ አፍ ከፓራውልቱ ጋር አንድ ላይ ስለሚገጠም ክፍተቱ ሁልጊዜ እኩል ነው፣ አይጠቁርም። ድምፁም እንደዚያው ሆኗል። የአውሮፓ ኅብረት ለአዳዲስ ተራ መኪናዎች የድምፅ ገደቡን ከ72 ወደ 70፣ ከዚያ ወደ 68 ዴሲቤል አውርዶታል፤ የቤንዚኖቹም ላይ የጥቀርሻ ማጣሪያ ስለገባ ድምፁ ታፍኗል። ስለዚህ ቢኤምደብሊው በስፒከር ያሰማሃል፣ ፎልክስቫገን ከፊት መስታወቱ ሥር የሚንዘፈዘፍ ዕቃ ይገጥማል። እውነተኛ ቱቦ ያለው ኮሮላ ይሻለኛል።

ሳሪስ_ኮሮላ፦

በጣም አመሰግናለሁ። የኦሪጅናሉን ዓይነት ማርሚታ ባለ 70 ሚሊ ክብ ጫፍ አስበይጄለት፣ ከፊት ደግሞ ሣጥኑን ላወጣ ነው ያሰብኩት። ካታሊስቱስ? ደግሞ ከድሮው ማርሚታ ጠዋት ጠዋት ጥቁር ውኃ ይንጠባጠብ ነበር፣ በሽታ ነው?

ባለ17_መፍቻ፦

ካታሊስቱን አትንካው። ከኋላው ያለው ኦክስጅን ሴንሰር ባዶ መሆኑን ያነብና ፒ0420 ኮድ አውጥቶ ቼክ ኢንጂን ያበራል፤ የቤንዚኑ ሽታ ደግሞ ልብስህ ላይ ይቀራል። ኃይል የሚሰርቀው ደህና ካታሊስት አይደለም፣ የተዘጋ ነው። ያንን ለማወቅ መስበር አያስፈልግም፤ የፊተኛውን ሴንሰር ፈትተህ በቦታው የግፊት ጌጅ ግጠም፣ ሞተሩ ሞቆ 2500 ዙር ላይ ያዘው። ከ0.2 ባር በላይ ካሳየ ከዚያ ወደ ኋላ የተዘጋ ነገር አለ።

ውኃው በሽታ አይደለም። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ገደማ ውኃ ይወጣዋል፤ ማርሚታው እስኪሞቅ ድረስ ውስጡ ይጠራቀማል፣ የጠቆረው ከጥቀርሻ ነው። አጭር አጭር መንገድ የሚሄድ መኪና ማርሚታው ቶሎ የሚበሰብሰው ለዚህ ነው። አዲሱ ሥሩ ላይ የፋብሪካ ቀዳዳ ከሌለው በዝቅተኛው ቦታ በ3 ሚሊ መሰርሰሪያ አንድ ቀዳዳ አውጣለት። ከ3 ሚሊ አታስበልጠው፣ ያፏጫል።