የካቲት 12 «የቀን ቁጥር» ነው?

የስድስት ኪሎ ልጅ፦
ትናንት ታክሲ ውስጥ አንድ ሰውዬ ስለ የካቲት 12 ሆስፒታል ሲያወራ «ሆስፒታል በቀን ቁጥር አይጠራም፤ ቤተ ሳይዳ መባል አለበት» አለ። አንጀቴ አረረ። ስድስት ኪሎ አደባባይ ላይ የቆመውን ሐውልት አይቶ አያውቅም? የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተወረወረ። ከዚያ በመትረየስ የታጨደው ምጽዋት ሊቀበል ገነተ ልዑል ግቢ የተሰበሰበ ድሃ ነው። ግቢው ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ነው፣ እዚያው ሆስፒታሉ አጠገብ። ይሄ የቀን ቁጥር ነው?

እናኑ፦
የሞቱትን ማን ናቀ ወንድሜ? ሆስፒታሉን ቤተ ሳይዳ ብለው ያቋቋሙት ተፈሪ ናቸው፣ ገና አልጋ ወራሽ ሳሉ። ኋላ ሆስፒታሉ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተባለ። ከአብዮቱ በኋላ ነው የካቲት 12 የሆነው። መሥራቹን መፋቅ ምን ይባላል? እናቴ እስክትሞት ድረስ «ቤተ ሳይዳ» ነበር የምትለው። ስሙ ከወንጌል ነው፤ 38 ዓመት የተኛው መፃጉዕ የዳነበት። ለሕመምተኛ ከዚህ የተሻለ ስም አምጡ።

ጉለሌ፦
«መፋቅ» አትበዪ እንጂ። ዘውዲቱ ሆስፒታል በስሟ አለ። ራስ ደስታ ሆስፒታልም አለ፣ በንጉሡ አማች ስም። እሳቸውን ጣሊያን የረሸናቸው የካቲት 17 ነው፣ በዚያው ሳምንት።

እናኑ፦
የንጉሡ ልጅ የልዕልት ፀሐይ ሆስፒታልስ? ጦር ኃይሎች አልተባለም? ሁለት ስም ስለቀረ ሌላው አልተፋቀም ማለት ነው?

ጉለሌ፦
እሱ የወታደር ሆስፒታል ሆኖ ነው። ሌላ ጉዳይ ነው።

እናኑ፦
ሌላ ጉዳይ አይደለም! ልጅቷ ነርስ ነበረች። ለነርስ መታሰቢያ ከተሠራ ሆስፒታል ስሟ ሲፋቅ ዝም ልበል?

አዲስ እናት፦
እኔ የካቲት ነው የወለድኩት። አጠገቤ ከተኙት ወጣቶች አንዷም ቀኑ ምን እንደሆነ አታውቅም ነበር። ስሙ ይቆይ፣ ግን በሩ ላይ ሁለቱም ታሪክ ይጻፍ።

የስድስት ኪሎ ልጅ፦
መጻፉ ጥሩ ነው። ስሙን ግን አልለቅም። የአያቴ ወንድም በዚያ ቀን ከቤት ወጥቶ አልተመለሰም። መቃብሩ የት እንደሆነ አይታወቅም። ያለን ቀኑ ብቻ ነው እህቴ። «የቀን ቁጥር» ሲባል ስሰማ የሚያመኝ ለዚህ ነው።

እናኑ፦
ነፍሱን ይማር። ለእሱ ግን ሐውልቱ አለ። ሐውልቱም የቆመው በጃንሆይ ዘመን ነው።