ቤት ባዶ ሲሆን "ሁሉም ሄደው እኔ ቀረሁ" የሚል ፍርሃት፤ በቴራፒ የወጣችሁ አላችሁ?

የሐዋሳ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ዕድሜዬ 34 ነው፤ የአንዲት ልጅ እናት ነኝ። ሐዋሳ፣ ጴንጤ ቤት ነው ያደግኩት። ይህን ለመጻፍ ሦስት ቀን አመነታሁ።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩ ገርበብ ብሏል። ሽሮው ከሰል ላይ ይንተከተካል። የእማዬ ነጠላ ወንበሩ ላይ፣ ጫማዋ ደጃፉ ላይ ነው። እሷ ግን የለችም። ወንድሞቼም የሉም። ያን ሰሞን ሰንበት ትምህርት ላይ ስለ ንጥቀት ተምረን ነበር። ጌታ ሲመጣ ልብሱና ጫማው ይቀራል፣ ሰውየው ይወሰዳል ተብለን ነበር። እኔ ደግሞ በዚያው ሳምንት ከእማዬ ቦርሳ ሃምሳ ሳንቲም ወስጃለሁ። ወዲያው ገባኝ። እነሱ ሄዱ፣ እኔ ቀረሁ። አልጮኽኩም። ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብዬ ሽሮው እስኪያር ድረስ አየሁት።

ለካ ጎረቤታችንን ምጥ ይዟት እማዬ በባዶ እግሯ ሮጣ ነው። ስትመለስ ሽሮውን አሳረርሽ ብላ ተቆጣችኝ። ምክንያቱን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

ይኸው 25 ዓመት ሆነው። ባለቤቴ ስልክ ካላነሳ እጄ ይቀዘቅዛል። ማታ መብራት ከጠፋ፣ ልጄ አልጋዋ ላይ መኖሯን ዳስሼ ካላረጋገጥኩ አልተነፍስም። ለሽማግሌዎች ነገርኳቸው። "የፍርሃት መንፈስ ነው" ብለው ጸለዩልኝ። ሳይለቀኝ ሲቀር "የደበቅሽው ኃጢአት ይኖራል" አሉኝ። ይሄ ከፍርሃቱም በላይ ጎዳኝ።

አሁን የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ከሁለት ወር በፊት ቴራፒ ጀመርኩ፤ ስድስት ጊዜ ገባሁ። ጌታን አልተውኩም፣ መተውም አልፈልግም። ቴራፒው እምነታችሁን ነካባችሁ? ለእናቴስ ልንገራት?

ከሲልቨር ስፕሪንግ

እህቴ፣ አይዞሽ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ የኔው መልኩ ሌላ ነው። ውዳሴ ማርያም ስደግም አንድ ቃል ከተሳሳትኩ ከመጀመሪያው እጀምር ነበር። ሐሳቤ ከሸሸም እንደገና። የአንድ ቀኑን ለመጨረስ ሁለት ሰዓት ይፈጅብኛል፤ ሥራ እያረፈድኩ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ካልደገምኩት ግን እናቴ ላይ መዓት የሚወርድ ይመስለኛል።

ቴራፒስቴ ኦሲዲ ነው አለችኝ፤ የማይፈልጉት ሐሳብ እየመጣ፣ ፍርሃቱን ለማብረድ አንድን ነገር ደጋግሞ የሚያሠራ ሕመም። ሕክምናው ለመናገር ቀላል፣ ለማድረግ ከባድ ነው። ስትሳሳት ወደኋላ አትመለስ፣ ፍርሃቱ ይምጣ፣ አብረኸው ተቀመጥ። የመጀመሪያ ቀን ላቤ ጠብ አለ። ለንስሐ አባቴም ነገርኳቸው። "ተሳስተህም ቢሆን ቀጥል፣ እንዳትደግም" አሉኝ። የሁለቱ ቃል አንድ ሆነልኝ።

እምነቴን አልነካብኝም። አሁን በሃያ ደቂቃ ጨርሼ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ። ቅዳሴም ቆሜ ስሰማ ዜማው ይሰማኛል፤ ድሮ የራሴን ስህተት ስቆጥር ያልፈኝ ነበር።

የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ

ባጭሩ ልናገር። ጥሩ ቴራፒስት እመኚም፣ አትመኚም አይልሽም። የአሜሪካ ሳይካትሪ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው የምርመራ መመሪያ "የሃይማኖት ወይም የመንፈሳዊ ችግር" የሚል ርዕስ ያስገባው እንደ በሽታ ሳይሆን ባለሙያ ሊያየው የሚገባ ጉዳይ አድርጎ ነው። ስለዚህ "እምነቴን ይዤ መዳን እፈልጋለሁ" ብለሽ በግልጽ ንገሪያት። ካናናቀችብሽ ሌላ ባለሙያ ፈልጊ። ያንን ቀን ከባለሙያ ጋር ደጋግሞ መተረክና የምትሸሺውን ነገር በጥቂት በጥቂቱ መልመድ የታወቀ የትራውማ (ከከባድ ድንጋጤ የሚቀር የአእምሮ ጉዳት) ሕክምና ነው። መሃል ላይ ቅዠት ሊብስብሽ ይችላል። ያኔ ፍጥነቱን እንድትቀንስልሽ ጠይቂያት።

የአራት ልጆች እናት

ልጄ፣ ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔም "ጌታ ዛሬ ማታ ቢመጣስ?" እያልኩ ነው ልጆቼን ያስተኛኋቸው። ስለምወዳቸው ነበር። አንዷም እንዳትቀርብኝ ስለፈራሁ። አምና ትልቋ በስልክ ነገረችኝ፤ እስከ ሃያ ዓመቷ ድረስ ሌሊት እየተነሳች ትንፋሼን ታዳምጥ ነበር። ተቆጣሁ። ሁለት ሳምንት አልደወልኩላትም። በኋላ ግን ከፋኝ፣ አለቀስኩ።

ንገሪያት። በስልክ ግን አይሁን። "ጎዳሽኝ" ብለሽም አትጀምሪ። ከሽሮው ጀምሪ።

የሐዋሳ ልጅ (ጠያቂ)፣ ከአንድ ወር በኋላ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የአራት ልጆች እናት፣ እርስዎን በተለይ።

ቴራፒስቴ የቤት ሥራ ሰጥታኝ ነበር። ባለቤቴና ልጄ ሲወጡ ስልኩን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬ አሥር ደቂቃ ብቻዬን መቀመጥ፤ ለፍርሃቴ ከአሥር ነጥብ መስጠት። መጀመሪያ ዘጠኝ ነበር። ተነስቼ መሳቢያውን ሁለቴ ከፈትኩት። ባለፈው ቅዳሜ አራት ሆነ። ሳላስበው ቡና መቁላት ጀምሬ ነበር።

ለትንሣኤ ሐዋሳ ወረድኩ። ማታ ሁሉም ሲተኛ ለእማዬ ከሽሮው ጀምሬ ነገርኳት። ሃምሳ ሳንቲሟንም ጭምር። ሽማግሌዎቹ ያሉኝን ስነግራት ራሷን ነቀነቀች። ቀሚሷን በእጇ እያጣጠፈች ዝም አለች። ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ።

"ያን ቀን ስንት ሰዓት ብቻሽን ቆየሽ?" አለችኝ።

ትዝ አላለኝም። እሷ ግን ልጁ የተወለደበትን ሰዓት አስታውሳ መቁጠር ጀመረች።