ባለ 4 እና ባለ 1.5 ሽቦ ተቀጥሎ ምጣድ ቢሠራበት ያሰጋል?

ጠያቂ፣ ከከዚራ፦
ለጓሮው ማድ ቤት የገዛነው የኤሌክትሪክ ምጣድ 220 ቮልትና 3500 ዋት ተጽፎበታል። ከቆጣሪው እስከ ሳሎን የመጣው ሽቦ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ከሳሎን ወደ ማድ ቤት የሚሄደው ግን ዱሮ ለመብራት የተዘረጋ 1.5 ነው። አንድ ሠራተኛ ሁለቱን ጠምዝዞ በፕላስተር ጠቀለላቸው፤ እንጀራ በጋገርን በሁለተኛው ቀን ፕላስተሩ ቀልጦ፣ መጋጠሚያውም ጠቁሮ አገኘነው። ባለ 25 አምፔሩ ብሬከር ግን አልወረደም። ጥፋቱ የአቀጣጠሉ ነው ወይስ የሽቦው?

መልስ፣ ከሳቢያን፦
ምጣዱን አሁኑኑ ይንቀሉት። 3500 ዋት ለ220 ቮልት ሲካፈል ወደ 16 አምፔር ይመጣል፤ ባለ 1.5 የመዳብ ሽቦ ደግሞ በቱቦ ውስጥ ሲያልፍ ይህ የአቅሙ ጫፍ ነው። የሽቦ አቅም ሠንጠረዦች አብዛኛውን ጊዜ የሚሰሉት አካባቢው 30 ዲግሪ ነው ተብሎ ስለሆነ፣ በእኛ በድሬዳዋ ሙቀት፣ ያውም ምጣድ በሚነድበት ክፍል፣ አቅሙ ከዚያም ያንሳል። ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ ስለዚህ መጠኑ የሚወሰነው በመስመሩ ላይ ባለው በቀጭኑ ሽቦ ነው። ለ1.5 የሚገባው 10 አምፔር ሆኖ ሳለ 25 ከተደረገበት፣ ሽቦው እየነደደ ብሬከሩ ዝም ይላል። መጋጠሚያውን ብቻ ማሳመር አያድንዎትም፤ ለምጣዱ ከብሬከር ሳጥኑ ጀምሮ ቅጥያ የሌለው የራሱ ባለ 4 መስመርና ባለ 20 አምፔር ብሬከር ያስፈልገዋል።

መልስ፣ ከሐረር፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ሆኖም አቀጣጠሉም ስህተት እንደነበረ ልጨምር። ወፍራምና ቀጭን ሽቦ ሲጠመዘዙ ወፍራሙ ቀጥ ብሎ ይቀራል፣ ቀጭኑ ብቻ ይዞረዋል፤ ያዝ ያደረገው ይመስላል እንጂ አልጨበጠውም። ሁለቱን በአንድ ብሎን ሥር ማስገባትም ያው ነው፣ ብሎኑ የሚያርፈው በወፍራሙ ላይ ነውና። የግድ መቀጠል ካለበት፣ ለምሳሌ ብሬከሩ 10 አምፔር ሆኖ ለአንድ አምፖል ከሆነ፣ እያንዳንዱን ሽቦ ለየብቻው የሚጨብጥ፣ ለሁለቱም ውፍረት የተሠራ ማያያዣ ያስፈልጋል። ዋናውን ብሬከር አጥፍቶ፣ መብራት አለመኖሩን በቴስተር አረጋግጦ፣ ካጠበቁ በኋላ እያንዳንዱን ሽቦ ሳብ አድርጎ መፈተሽ ነው። መጋጠሚያው ተከፍቶ ሊታይ በሚችል ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ እንጂ በልስን አይደፈን። የአሮጌውን ሽቦ ጫፍ ቆርጠው ይመልከቱት፤ ውስጡም ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ነውና ከመዳብ ጋር በቀጥታ አይነካካ።

ጠያቂ፦
ቆርጬ አየሁት፤ ውስጡ ቀይ ነው። ምጣዱን ነቅያለሁ፣ አዲስ መስመርም አስዘረጋለሁ። በአሮጌው ቱቦ ውስጥ ያሉት ሽቦዎች ግን ሁለት ብቻ ናቸው።

መልስ፣ ከሳቢያን፦
እንግዲያው የመሬት ሽቦ፣ ማለትም ምጣዱ ኤሌክትሪክ ቢያፈስ ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ፣ የለውም ማለት ነው። የምጣዱ አካል ብረት ስለሆነ፣ አዲሱ መስመር ሦስት ሽቦ ይኑረው፤ ሦስተኛውም በትክክል መሬት ከተቀበረው ዘንግ ጋር መገናኘቱን ባለሙያው በመሣሪያ ለክቶ ያሳይዎት።