ቢሮ ውስጥ ከቡና ቁርስና ከጋራ ምሳ ራሴን እንዴት ልግታ?

ደሴዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ክብደት ለመቀነስ ምግቤን እየመጠንኩ ነው። ቤት ውስጥ አይከብደኝም፤ የሚያሸንፈኝ ቢሮ ነው። 2፡30 እንገባለን፣ 4 ሰዓት ላይ ቡና ይፈላል፤ ቆሎ፣ ዳቦ፣ አንዳንድ ቀን ፓስቲ ይቀርባል። ምሳ ላይ የሁላችንም ምሳ ዕቃ አንድ ትሪ ላይ ይገለበጣል። 10 ሰዓት ላይ ሁለተኛ ቡና አለ። በቃኝ ሲባል «በሞቴ» ይመጣል፣ ከዚያ ጉርሻው ይከተላል። ከሰው ሳልለይ፣ ሰውም ሳላስቀይም መጠኔን የምጠብቅበት ዘዴ ካላችሁ ንገሩኝ። በቁጥር ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

ቦርከና
አብሽሪ እህቴ፣ መላ አለው። መጀመሪያ ግን ቁርስሽን እዪው። ሻይ በዳቦ ብቻ ከሆነ 4 ሰዓት ላይ ርቦሽ ነው ቆሎው ጋ የምትደርሺው፤ የራበው ሰው ደግሞ መጠን አያውቅም። ሁለት የተቀቀለ እንቁላል (ፕሮቲኑ 12 ግራም ያህል ነው) ከሩብ እንጀራ ጋር፣ ወይም ቅንጬ ከእርጎ ጋር ብትበዪ እስከ ምሳ ያቆይሻል። ቅንጬ ላይ የሚመጠነው ቅቤው ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ከ100 ካሎሪ በላይ አለው፤ 50 ግራም ደረቅ ቅንጬ ደግሞ 175 ገደማ ነው። ሁለት ማንኪያ ቅቤ ጣል ካደረግሽበት ቅቤው ቅንጬውን በለጠ ማለት ነው።

ወደ ቆሎው እንምጣ። 100 ግራም የገብስ ቆሎ ወደ 370 ካሎሪ አለው፣ ለውዝ ግን 570 ገደማ፤ ሱፍም ከለውዝ አያንስም። እኩል የተቀላቀለ ቆሎ አንድ እፍኙ 30 ግራም ቢሆን፣ ወሬ ላይ እያሉ አራቴ መዝገን ከ550 ካሎሪ በላይ ያስገባል። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ለመቀነስ በየቀኑ መጉደል ያለበት 500 አካባቢ ስለሆነ፣ የቀኑ ልፋት በአንድ ቡና ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ከሳህኑ አትዝገኚ። አንድ ትርፍ የቡና ሲኒ ያዢ፣ አንዴ ሙዪበት፣ ከዚያ ሳህኑን ወደ ጎረቤትሽ አሳልፊው። አንድ ሲኒ የገብስ ቆሎ 40 ግራም ገደማ ነው፣ 150 ካሎሪ ይሆናል። ምርጫ ካለሽ የሽምብራ ቆሎ ይሻላል፤ ጥርስ ይዞ ስለሚያቆይ ቶሎ አያልቅም፣ ፕሮቲኑም የተሻለ ነው። ፈንዲሻ ያለ ዘይትና ያለ ስኳር ከፈነዳ አንድ ሳህን ሙሉው 100 ካሎሪ ቢደርስ ነው። ፓስቲ የመጣ ቀን ወይ እሱን ወይ ቆሎውን ምረጪ፣ ሁለቱን አትደራርቢ፤ ሊጡ ሲጠበስ የጠጣው ዘይት በዓይን አይታይም።

ስኳሩንም አትርሺ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያንዳንዳቸው በሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ከተጠጡ 24 ግራም ስኳር፣ 100 ካሎሪ ገደማ ነው። ከሰዓት ሲደገም እጥፍ ይሆናል። በአንዴ መተው ቡናውን ያስጠላል፤ በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ እየቀነስሽ ውረጂ። ጤና አዳም ጣል ማድረግ የስኳሩን ጉድለት ያስረሳል።

የሐርቡ መንገድ
ቦርከና ቡናውን ጨርሶታል፤ እኔ ስለ ትሪው ልናገር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው።

የጋራ ማዕድ ላይ የበላሽውን መቁጠር የምትችዪው በእንጀራ ብቻ ነው። የወጡን መጠን የሚወስነው የቆረስሽው እንጀራ ስለሆነ፣ እሱን ከያዝሽ ሁሉንም ያዝሽ። ሰፊ ምጣድ ላይ የተጋገረ አንድ ሙሉ እንጀራ ከ300 ግራም ሊያልፍ ይችላል፤ በ100 ግራም 150 ካሎሪ ብናስብ ግማሹ 225 ይሆናል። የኩሽና ሚዛን ካለሽ የቤትሽን እንጀራ አንድ ቀን መዝኚው፣ ውፍረቱ ከቤት ቤት ይለያያል። ከዚያ ግማሽ እንጀራ ጠቅልለሽ አምጪና ያንን ብቻ በፊትሽ አድርገሽ ብዪ። ወጥሽን ትሪው ላይ ገልብጪ፣ እንጀራሽን ግን አትገልብጪ። በጎመንና በምስር ጀምሪ፣ ጥብሱ መጨረሻ ይምጣ።

ሁለት ነገር ልብ በዪ። ምሳ ዕቃው ሲከፈት ከመገልበጡ በፊት ትንሽ ዘንበል አድርጊው፤ ቀይ ዘይቱ ወደ አንድ ጥግ ሲወርድ ወፍራሙን በማንኪያ አውጪና ዘይቱን ዕቃው ውስጥ ተይው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው። የጾም ወጥ ሁሉ ቀላል የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፣ ቁሌቱ ግን ዘይት አይቆጥብም። ሁለተኛው ከወጡ ሥር የራሰው እንጀራ ነው። መጨረሻ ላይ ሁሉም የሚሻማበት እሱ ነው፣ ዘይቱን መጥጦ የያዘውም እሱ ነው። እዚያ ሳይደረስ እጅሽን ታጠቢ።

እጅ መታጠብ ከቃል ይበልጣል። እጅሽ በወጥ ላይ እያለ «በቃኝ» ብትዪ ማንም አይሰማሽም፤ ታጥበሽ ከተመለስሽ ግን የሚያስገድድ ይቀንሳል። ተነስተሽ እንዳትቀሪ፣ ሌላውም አፍሮ ይነሳል። ጆጉን ይዘሽ ለሌላው አስታጥቢ፣ ወይም ረከቦቱ ጋ ቁጭ ብለሽ ቡናውን አንቺ ቅጂ፤ የምትቀዳ ሴት እጇ ሥራ ላይ ስለሆነ አትጎረስም። ጉርሻ እንዳይቀር የምትፈልጊ ከሆነ ግማሽ እንጀራሽን ስትበዪ የሁለት ጉርሻ ቦታ ተዪ፣ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብለው ሁለተኛውን ማምጣታቸው አይቀርም። «ዳይት ላይ ነኝ» የሚለውን አትጀምሪው፤ «ከስተሻል፣ ምን ሆነሽ ነው?» የሚል ክርክር ይከፍታል። «ጥግብ ብያለሁ፣ ይባረክ» ይበቃል።

ገራዶ ሜዳ
የ10 ሰዓቱ ቡና ከ4 ሰዓቱ የሚከብደው ድካም ስለሚጨመርበት ነው። 9፡30 ላይ አንድ ብርቱካን ወይም አንድ የተቀቀለ እንቁላል ብዪ፣ ውሃ ጠጪበት፣ ከዚያ ወደ ቡናው ሂጂ። ለስላሳ ከተጋበዝሽ አምቦ ውሃ በዪ፤ አንድ ጠርሙስ 300 ሚሊ ሊትር ኮካ ኮላ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው።

እኛ አካባቢ የሚሰጥ አንድ ምክር አለ፦ «ጫት ቃሚ፣ ረሃብ ይዘጋልሻል»። እባክሽ እንዳትሰሚው። ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር ለሰዓታት የምግብ ፍላጎት ያጠፋል፣ የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይነሳል። እንቅልፍ ያጣ ሰው በማግስቱ ይበልጥ ይርበዋል። አብሮት የሚሄደው ስኳር የበዛ ሻይ፣ ለስላሳና ለውዝ ሲደመር ደግሞ ከቀረው ምሳ ሊበልጥ ይችላል።

ምሳ ዘለሽ ለማካካስም አትሞክሪ። በተለይ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ (የስኳር በሽታ ኪኒን) የሚወስድ ሰው ይህን ካነበበ፣ ምግብ መዝለል የደም ስኳርን አደገኛ በሆነ መጠን ሊያወርድ ይችላል፤ የምግብ መጠን ከመቀነሱ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ደሴዋ
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ሲኒውንና ግማሽ እንጀራውን ከነገ እጀምራለሁ። ጾም ሲገባስ? ቢሯችን ሁለቱም ወገን አለ፣ 9 ሰዓት ላይ የሚፈታ አለ፣ በረመዳን ደግሞ ለኢፍጣር አብረን የምንቀመጥባቸው ቀናት አሉ።

ቦርከና
ለሁለቱም አንድ ነው፦ አፈታቱን ቀስ አድርጊው። 9 ሰዓት ላይ ከሆነ ውሃ፣ ቀጥሎ የምስር ሾርባ ወይም ቀጠን ያለ ሽሮ፤ ከዚያ 15 ደቂቃ ቆይተሽ እንጀራው ይቅረብ። ጥጋብ ለመሰማት ጊዜ ይፈልጋል፣ የጾመ ሰው ደግሞ ከዚያ በፊት ሙሉ እንጀራ ይጨርሳል። ኢፍጣር ላይ ውሃ፣ ሦስት ተምር፣ የአጃ ሾርባ፤ ሳምቡሳ አንድ ብቻ፣ እሱንም ከሾርባው በኋላ።